ቁልፉ በተነካ ቁጥር የሚሞተው ባሌ

ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ አገር ገንፎው በካርቶን ታሽጎ ስለሚሸጥ ስንጥር የለውም፤ ጥርጣሬው ግን ቪዛ ሳይጠየቅ ከእኔ ጋር ገብቷል። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ይስቃል። አይቶኝ የማያውቅ ሰው ሊፍት ውስጥ ያገኘኛል፣ ይስቅልኛል። ሱቅ ያለችው ልጅ ዳቦዬን ከረጢት ውስጥ ከታ ስትሰጠኝ «ሀቭ ኤ ጉድ ዴይ» ትለኛለች። ጉድ! ገና በጠዋቱ ጉድ ትመኝልኛለች። ትርጉሙ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በእኛ ቋንቋ ጉድ ጉድ ነው፤ ጆሮ ደግሞ እንደ ፓስፖርት አይቀየርም።

እናት ከሆናችሁማ ጥርጣሬ እንደ ወተት ነው፤ ሳይጠሩት ከልጁ ጋር አብሮ ይመጣል። ልጁ ሲያስል ትጠረጥራላችሁ፣ ዝም ሲል ትጠረጥራላችሁ። ከሁሉ የባሰው «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ሲባል «ናቲንግ» ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ ምንም የሚያስተምር ትምህርት ቤት የት አገር አለ?

እኔ ግን አብልጬ የምፈራው አፍን ነው። ባሌ ታደሰ ትልቅ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ከዴንቨር ተነስቶ ያንን ሁሉ ተራራ አቋርጦ ሄዶ፣ ሳምንትም አስር ቀንም ቆይቶ ይመጣል። የሾፌር ሚስት ስትሆኑ ቋንቋችሁ ራሱ ይለወጣል፤ «ሲመለስ» እንጂ «ከተመለሰ» አትሉም። ሞት የሚለው ቃል እኛ ቤት አይገባም፤ ቴሌቪዥኑ እንኳ ሊለው ሲል ድምፁን እቀንሰዋለሁ። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል። እውነት ነው። መኪና ግን ይፈራል።

ታዲያ ባለፈው የበረዶ ወር፣ ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት መጣችና ሳሎን መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ በጠራ እንግሊዝኛ «የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ» አለች።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ከነቢላዋው አማተብኩ።

«አፍሽ ይቆረጥ! ማን ነው የሞተው?»

«ማይ ፋዘር።»

«አባትሽ አሁን ከመንገድ ደውሎ የለም እንዴ!»

«ኖት ዳዲ፣ ማሚ! የሰውዬው አባት!»

«የየትኛው ሰውዬ?»

ቀስ በቀስ ሳወጣጣት ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሏ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ የታሪክ ሰው ይሆናሉ። እንደሱ ለብሰው አዳራሽ ውስጥ እንደ ሐውልት ይደረደራሉ። እጃቸው ላይ ቀይ ክብ ወረቀት ይለጠፋል፣ እሱ ቁልፍ መሆኑ ነው። ወላጅ መጥቶ ቁልፉን ሲጫን ሐውልቱ ነፍስ ይዘራና «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ታሪኩን ይናገራል። ለእኔ ልጅ የደረሳት በጥንት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የጀልባ ቦይ፣ ኋላ የባቡር ሐዲድ የሠራ ሰውዬ ነው። ስሙን አልጠራላችሁም፤ ያለ ስሙም ቤቴን በጥብጦታል።

ልብ በሉልኝ። ለሰው ልጅ ፕሬዚዳንት፣ ለሰው ልጅ ጨረቃ ላይ የወጣ ጀግና፣ ለእኔ ልጅ ቦይ ቆፋሪ። ያውም የሙት ልጅ!

ፒዮሪያ ስትሪት ካለው አፓርታማችን ምድር ቤት እትዬ ዘነበች ይኖራሉ። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚሁ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ምክር ሲቸግረኝ የምወርደው እሳቸው ጋ ነው።

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ እትዬ?»

«ምን እላለሁ! የሾፌር ልጅ መሆኗን አውቀው ነዋ። መንገድ ለመንገድ ሰጧት።»

«እሺ አባትየው ለምን ሞተ?»

«እሱን እንግዲህ ሐኪሙን ጠይቂ።»

«እኔ ነፍሴ ወጥታ እርስዎ ይቀልዳሉ!»

«አልቀለድኩም፣ አንቺ ልጅ። ሄደሽ አስተማሪዋን አነጋግሪ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ መልስም አይወጣም።»

ሄድኩ። አስተማሪዋ ገና ልጅ ናት፤ ገና ስታየኝ ሳቀች፣ ጠረጠርኳት። ባለችኝ እንግሊዝኛ «ማይ ሀዝባንድ ድራይቭ። ፋዘር ዳይ፣ ኖ ጉድ» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አይ አም ሶ ሶሪ» አለችኝ። ባሌን ቀበረችልኝ! ሟርት ላስቆም ሄጄ ለቅሶ ተቀምጬ ልመጣ። «ኖ! ኖ! አላይቭ! ቬሪ አላይቭ!» ብዬ ጮህኩ።

ከስንት ትግል በኋላ ስንግባባ ጭራሽ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ሰውዬውን ማንም አልሰጣትም፤ ራሷ ሶልያና ናት መርጣ ያነሳችው። ከሚመረጡት ውስጥ ንግሥት ሁሉ ነበረች አለችኝ። ይሄ ይባስ አስጠረጠረኝ። ባለዘውድ ንግሥት ትታ ባለአካፋ የምትመርጥ የስምንት ዓመት ልጅ ምን አስባ ነው? ቤት ገብቼ ልጄን ብጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። «አይ ላይክ ሂም» ብቻ።

ቤት ስትለማመድ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ «በቃ!» እላታለሁ። ትጀምራለች፣ «በቃ!»። ከአባትየው ሞት ወዲያ ያለውን የሰውዬውን ኑሮ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም።

«ዝለያት፣ እናቴ። አንድ መስመር ብትቀር ማን ያውቃል?»

«በት ኢትስ ትሩ፣ ማሚ።»

«እውነት ሁሉ ይወራል እንዴ?»

ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ እውነት ከሆነ ይወራል ነው የሚለው፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ቀኑ ዓርብ ሆነ። በጠዋቱ ታደሰ ደውሎ ተራራው ላይ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ እንደቆመ ነገረኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መቆሙን እመርቅ ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘግቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።

አዳራሹ ስገባ ልጄ የጥጥ ጢም ለጥፋ፣ የአባቷን ኮፍያ ደፍታ፣ የፕላስቲክ አካፋ ተደግፋ ቆማለች። እንዴት ታምራለች! በዙሪያዋ ሰው ሁሉ ጣቱን ቀስሮ ይዞራል። አስቡት እንግዲህ፤ ቁልፉ በተነካ ቁጥር ባሌ ሊሞት ነው፣ ያውም በረዶ ላይ እንዳለ። አንድ ረጅም ሰውዬ ጣቱን ሲዘረጋ ከፊቱ ገባሁ።

«ብሮክን» አልኩት።

ስቆ ወደ ጨረቃው ልጅ ሄደ። አንዲት ሴትዮ መጣች። «ብሮክን።» ባልና ሚስት መጡ። «ሶሪ፣ ብሮክን።» ግራና ቀኝ ያሉት ሐውልቶች ይለፈልፋሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። የእኔዋ ግን ካልተነካች መናገር አይፈቀድላትም፤ በዓይኗ ብቻ ትለምነኛለች። ቆይቶ አንድ ዘለላ እንባ ወረደና ጥጡ ውስጥ ጠፋ። አይቻለሁ። አየሁና ካለሁበት አልተነቃነቅኩም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የወለዳችሁትን እያስለቀሰ «እየጠበቅኩልሽ ነው» ይላችኋል።

«ምን ሆና ነው ልጄ የምታለቅሰው?»

ዞር ስል ታደሰ። መንገዱ ተከፍቶለት፣ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ ጫማው ላይ በረዶ እንዳለ።

«ተበላሽታለች» አልኩት፣ ደንግጬ።

«ምኗ?» አለና ቁልፉን ተጫነው።

ሶልያና ነፍስ ዘራች። ዓይን ዓይኑን እያየች «የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ» አለችው።

ታደሰ ኮፍያ የሌለው ራሱን ዝቅ አደረገና «ነፍስ ይማር!» አለ። ሳቁን ለቀቀው። እኔ አማተብኩ፤ ሰዉ ዞሮ አየን። ሐውልት ግን አይስቅም፤ ቀጠለች። አካፋ ይዞ ቦይ ቆፈረ፣ ሐዲድ ዘረጋ፣ ተራራ በሳ። ልጆች ወለደ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ልጆቼን የማያቸው በረዶ ሥራ ሲያስቆም ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቤቴን ሳንኳኳ ትንሿ ልጄ በሩን ከፈተችና ‹ማማ፣ አንድ ሰውዬ መጥቷል› አለቻት።»

የታደሰ ሳቅ የት እንደገባ አላየሁም። ሐዲዱ አለቀ፣ ባቡሩ ሄደ፣ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለችና ሐውልት ሆነች። እኔ ግን ባሌ በሕይወት አጠገቤ ቆሞ ምን እፈራለሁ? ከልጄ ፊት ዞር አልኩላቸው። ሰው ተሰልፎ ተጫነ። ታደሰም ከዚያ አልሄደም፤ አባቴ ሞተ ስትል ፈገግ ይላል፣ ሰውዬ መጥቷል ስትል ጫማውን ያያል።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪናውን እየነዳ ጠየቀኝ።

«ነገ ለትንንሾቹ ክፍሎች ትደግመዋለች አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አንዷን ዓረፍተ ነገር ብታስወጫት ምን ይመስልሻል?»

ደስ አለኝ። «አላልኩህም! ሟርት ነው ስልህ ትስቅብኛለህ!»

«ኧረ የሞቱስ ይሁን» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «መሞት ያለ ነው። ያቺን የበሯን ነው የምልሽ።»