የጋሽ ምንጣፍ ደረቅ መኪና

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ የሚሳሳለት ነገር አያጣም። አንዱ ለቀለሙ ይሳሳል፣ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው በሩን በኃይል የዘጋበትን ሰው ዓመት ሙሉ ያኮርፈዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ለወለሉ የሚሳሳው ነው። ታውቁታላችሁ። ዝናቡ እላያችሁ ላይ እየወረደ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "እስቲ መጀመሪያ ጫማህን አሳየኝ" ያላችሁ ሰው እሱ ነው።

የነዚህ ሰዎች አለቃ፣ የደረቅ ወለል ባላደራ፣ ክቡር ጋሽ ምንጣፍ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሲጠሩበት እንዳልሰማ ሰው ያልፋሉ። አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በሰው ዕቃ ማጠቢያ ስር ተጋድመው፣ በሰው ጣሪያ ላይ ተንጠላጥለው ውሃ ሲያባርሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከውሃ ጋር ያላቸው ቂም ግን ጡረታ አልወጣም። "ውሃ ቀዳዳ አይፈልግም፤ የሰው መዘናጋት ይበቃዋል" ይላሉ፣ በቀን ቢያንስ ሦስቴ።

አንድ ክረምት ጎረቤት ሴት ምጥ ያዛትና አድርሱልን ተባሉ። ጋሽ ምንጣፍ በችግር ጊዜ እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ በዚህ እንኳ አይታሙም። መኪናውን አስነስተው፣ በሩን ከፍተው፣ ሁለት ፌስታል ይዘው ቀረቡ።

"ጋሼ፣ ምጥ ላይ ናት እኮ" አላቸው ባልየው።

"ምጡን መች ከለከልኩ። እግሯን ታጥልቅበት ነው የምለው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሽርት ውሃው ፈሷል ወይስ ገና ነው?" ብለው ጠየቁ። የተወለደው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እናትየው ግን አሁንም ጋሽ ምንጣፍን ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

ከቀብር ሲመለሱም አይምሩም። ሐዘንተኛ በር ላይ ተሰልፎ፣ በአንድ እጁ እንባውን በሌላው ጫማውን ሲጠርግ ምራታቸው በዓይኗ አይታለች። ይህች ምራት ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወር በወር ብቅ ቢል ነው፤ እሷ ከአማቶቿ ጋር ትኖራለች። የደረሰባትን እሷ ታውቃለች። አንድ ቀን የደንበኛ ልብስ ታቅፋ፣ ዝናብ እያባረራት መጥታ መኪናው ውስጥ ዘው ብትል፣ ጎረቤት እያየ አስወርደው እግሯን እንደ ሕፃን አስጠርገዋታል። ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ተኛች። "ከጫማዬ በላይ ሰው እንዳለ አይታያቸውም" አለችው ባሏን በስልክ። "አባቴን ዛሬ ነው እንዴ ያወቅሽው?" ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ስለ መኪናው አልነበረም። የጋሽ ምንጣፍ ሚስት፣ ሰፈሩ እማማ የሚላቸው ሴትዮ፣ ሳምባቸው ተጎድቷል። ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ ያርፋሉ፤ ሁለት ቃል ለመናገር ደግሞ ሦስቴ። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ "እርጥበትና ሻጋታ ጠላታቸው ነው። እንደገና ክፉኛ ከታመሙ ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነገር አይኖረንም" ብሏቸዋል። ጋሽ ምንጣፍ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ነቅለው እንደገና አነጠፉ፤ ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ወጥተው አዩ፤ ቤቱ እንደ ብስኩት ደረቀ።

ቀረ መኪናው፤ እማማ በሳምንት ሁለቴ ለሕክምና የሚመላለሱበት። ለሱ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ትሪ የመሰለ የጎማ ምንጣፍ ገዙ። ሌላ ሰው ቢሆን አንጥፎት ይገባ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ግን ክፍተት አይቶ አያልፍም። በእማማ መቀመጫ በኩል ሁለት ቀን ተንበርክከው፣ የጎማውን ዙሪያ በሲሊከን ማጣበቂያ ከወለሉ ጋር አሸጉት፣ ልክ የመታጠቢያ ገንዳ እንደሚታሸግ። ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ጠርዙን ሲያለሰልሱ ምራቲቱ በመስኮት እያየች ሳቀች። "እንግዲህ ጠብታ አይገባባትም" አሉ ሲጨርሱ፣ ወገባቸውን ይዘው።

ልክ ብለዋል፤ ከላይ ጠብታ አልገባም። ውሃ ሲወስድ ግን እያሳሳቀ ነው።

ክረምቱ ሲገባ እማማ ባሰባቸው። ሳሉ ከሐኪም ቤት በተመለሱ ቁጥር ይበረታል። ጋሽ ምንጣፍ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ሐኪሙን፣ አንዴ የምራቲቱን የጨርቅ ብናኝ ይከሳሉ። የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አስወጧት፤ በብርድ እየሰፋች ጥርሷን ነክሳ ቻለች። አንድ ማለዳ የእማማ ከንፈር ጠቆረና መኪናው ውስጥ አስገብተው በረሩ።

እማማ ኦክስጅን ላይ ሰነበቱ። ጋሽ ምንጣፍ ደግሞ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። በአራተኛው ቀን "ዛሬ መውጣት ይችላሉ" ተባለ። ጋሽ ምንጣፍ ለምራታቸው ቁልፉን ሰጥተው፣ "ከመኪናው ብርድ ልብሱን አምጪላት" አሉ። ትንሽ ራቅ ካለች በኋላ ጠሯት። "ጫማሽን ጠርገሽ ግቢ።"

መኪናው በሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ስር አራት ቀን ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቷል። ምራቲቱ የእማማን በር ከፍታ፣ ወንበሩ ስር የወደቀውን ብርድ ልብስ ለመሳብ በጉልበቷ ጎማው ላይ ተደገፈች። ጎማው ረገብ አለና ከስሩ ጭቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግማ ተጫነችው፤ ጭቅ አለ። ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣችና ሲሊከኑን ዙሪያውን ቀደደችው።

ሽታው ወደ ኋላ መለሳት። ከጎማው ስር ያለው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ላዩ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፤ ሻጋታው ጎማው ወዳልደረሰበት፣ ወደ ወንበሩ ስር ተስቦ ሄዷል። ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የውሃ መውረጃ የዛፍ ቅጠል ደፍኖት፣ ዝናቡ በውስጥ በኩል እየሰረገ እማማ እግር ስር ሲጠራቀም ከርሟል። ጎማው ባይታሸግ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይታይ ነበር፤ ይደርቅም ነበር። አርባ ዓመት የሰው መውረጃ ሲከፍቱ የኖሩት ሰውዬ ውሃውን ከነሻጋታው አሽገው፣ ሚስታቸውን ላዩ ላይ አስቀምጠው ሲያመላልሱ ቆዩ።

ምራቲቱ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ቆመች። ስንት ወር የተጠራቀመ መልስ በሆዷ አለ፤ አሁን ሰውየውን እጅ ከፍንጅ ይዛቸዋለች። ግን ይህን ያዩ ቀን ምን እንደሚሆኑ አሰበችና መልሱን ዋጠችው። ዝም ብትል ደግሞ እማማ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚሁ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። መቀሱን እንደገና አነሳች። ምንጣፉን ከስሩ ካለው ጨርቅ ጋር እስከ ብረቱ ቆርጣ፣ የቀረውን በጥፍሯ እየቧጠጠች አወጣችና የሆስፒታሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ብረቱን በራሷ ሻርፕ ወለወለች።

"አባባ፣ የስፌት መኪና ዘይት ደፋሁበት" አለች፣ ከክፍሉ ሲወጡ። "ሽታው ለእማማ እንዳይከብዳቸው ምንጣፉን ቆርጬ ጣልኩት።" አንገቷን ደፍታ ጩኸቱን ጠበቀች።

አልጮኹም። የእማማን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መኪናው ጋ ደረሱ፤ አጎንብሰው ባዶውን ብረት አዩ። ብረቱ ላይ ዝገት ያሰመረው መስመር አለ፤ ውሃው እስከ የት ቆሞ እንደነበር የሚናገር። እንዲህ ያለውን መስመር በሰው ቤት ስንቴ አይተዋል። ጣታቸውን አስኬዱበት። ከዚያ ቀና ብለው ከመስታወቱ ግርጌ የበሰበሰውን ቅጠል በእጃቸው ዛቁት። የታቆረው ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

"ዘይት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ምንጣፍ እዚያው ጭቃው ላይ፣ ሚስታቸው ፊት ተንበረከኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ።"

እማማ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ይሸተኝ ነበር" አሉ። አረፉ። "ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ይሸተኝ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ስንት ለፍተህ ያሸግኸውን" አሉና እንደገና አረፉ፤ "ይሸታል ልበልህ?"

ምራቲቱ እማማን ደግፋ አስገባች፤ አራቱንም መስኮት አወረደች። ከግቢው መውጫ ሲደርሱ መኪናው ቆመ። ሞተሩ ይሠራል፤ ጋሽ ምንጣፍ መሪውን እንደያዙ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እማማ እጃቸውን የባላቸው ጉልበት ላይ አኑረዋል። ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ዘበኛው መጥቶ በምራቲቱ መስኮት አጎነበሰ።

"ሰውየው ምን ሆነው ነው? ምንሽ ናቸው?" አላት።

አፏ የለመደው "የባሌ አባት" ማለት ነበር።

"አባቴ ናቸው" አለችው። "ትንሽ ታገሣቸው፤ አሁን ይሄዳሉ።"