ጉልበት የሚስመው ማን ነው?

እኛ እርቅ እንወዳለን። ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ፣ የወሰን ድንጋይ ቢነቃነቅ ሽማግሌ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ ሰላምታ ብትነፍግ ሽማግሌ። መልካም ነው፤ ይህ ባህል ስንት ደም አድርቋል። ግን እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ቀበቶና የልጅ ጀርባ እንዴት ሆነው ነው የሚታረቁት?

እዚህ ሓድነት ሰፈር፣ ከግቢያችን ጀርባ፣ ለተብርሃን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአጎቷ ጋር ትኖር ነበር። እናትና አባቷን ጦርነቱ በልቷቸዋል። አጎቷ ድሮ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ የሚያድል ሳቂታ ነበር፤ ከጦርነቱ የተመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። አዝንለታለሁ። ማዘኔ የልጅቷን ሰንበር ስላላጠፋው ግን ሄጄ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ለፍረወይኒ ተናገርኩ። ሰፈሩ «ገመና አውጪ» አለኝ። ይበለኝ! ፍረወይኒ መጥታ አየች፤ አጣርታ እስክትወስን ልጅቷ እኔ ዘንድ እንድትቆይ አደረገች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች አጎቷን አስከትለው ከች አሉ። ጋቢያቸው ነጭ፣ ቃላቸው ማር።

«ነይ ጓለይ፣ ነይ ልጄ» አሉ የሁሉም አፈ ጉባኤ አቦይ ሐጎስ፤ «የአጎትሽን ጉልበት ሳሚና ወደ ቤትሽ ግቢ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።»

«አህያዋ አመዱ ላይ የምትንከባለለው ወዳ ነው አቦይ» አልኩ። «ደግሞ ጉልበት የሚስመው በዳዩ አልነበረም እንዴ?»

«አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ሰብስቢ!»

«ምላስ ሰንበር አያወጣም!»

ልጅቷ ከጀርባዬ ብቅ አለች። «እሺ፣ እስማለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከሳምኩ በኋላ ግን፣ አቦይ፣ እርስዎ ቤት ልሂድ? እዚያ አይመታም አይደል?»

አቦይ ሐጎስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ እንዳለበት ትዝ አለው፤ ሌላው በእግሩ ጫማውን ፈለገ። ያን ሁሉ ማር ማን እንደላሰው እንጃ።

የተናገረው አጎቷ ነው። «እዚሁ ትሁን» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «እኔ እጄን አላምነውም።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፍረወይኒ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ዓይደር ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው።

ልጅቷ አሁንም እኔ ዘንድ ናት። ፍረወይኒ እየመጣች ታጫውታታለች፤ «ጊዜ ይፈልጋል» ትለኛለች። ባለፈው ከላይኛው መደርደሪያ ስኳር ላወርድ እጄን ባነሳ፣ ለተብርሃን ጭንቅላቷን ሸፍና ቁጢጥ አለች።

ከዚያ ወዲህ ስኳሩን ወለሉ ላይ አኑሬዋለሁ። ጉንዳን ወሮታል።

ይብላ።