ጊታሩም ይተንፍስ

ታላላቅ የሙዚቃ ውሳኔዎች የሚወለዱት ከጥልቅ ምርምር ነው ይባላል። ይኸኛው ግን ከዚያም ከላቀ ምንጭ፣ ከኦርኬስትራው ሥራ አስኪያጅ ሚስት ወንድም ተወለደ። የኦርኬስትራው ክላርኔት ነፊ ጡረታ በወጡ ማግስት፣ ወንድምየው ጊታር መነካካት እንደሚችል በድንገት ተደረሰበት። ኮሚቴውም አንድ ክላርኔት ኦርኬስትራው እያጀበው እንዲጫወት የተጻፈው ዕድሜ ጠገብ ኮንሰርቶ «ከወቅቱ ጋር በሚጣጣም መልኩ» ለጊታር እንዲቀናበር በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ሥራው ለአቀናባሪው ተሰጠ። ስድስት ዓመት በጊዜያዊነት ያገለገለው ይህ ሰው፣ ሥራው ከተወደደለት የቋሚነት ደብዳቤ እንደሚያገኝ ቃል ተገብቶለታል። ሦስት ወር አንገቱን ደፍቶ ሠራ። ክላርኔት አንዱን ድምፅ ጎትቶ በሚያቆይበት ቦታ፣ የጊታር ድምፅ ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ክሩ እየተደጋገመ እንዲመታ አደረገ። ነፊው አየር የሚስብባቸውን ምልክቶች ደግሞ አወጣቸው።

ኮሚቴው ሁለቱን ኖታዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ እንደ ሙያው፣ ቆጠረ።

«አርባ አንድ ምልክት ጎድሏል» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «የት አደረስካቸው?»

«የትንፋሽ ምልክቶች እኮ ናቸው ጋሼ። ጊታር አይተነፍስም።»

«ጊታሩስ አይተንፍስ። የባለቤቴ ወንድምስ?»

«እሱማ ይተነፍሳል።»

«ታዲያ ልጁን ልትገድለው ነው እንዴ?»

ምልክቶቹ በክብር ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በልምምድ ላይ ወንድምየው እያንዳንዱ ምልክት ጋ ሲደርስ ጣቱን ከክሩ ያነሣል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ችግሩ ኦርኬስትራው ጊታሩን መዋጡ ነበር። መጀመሪያ ትራምፔቶቹ ዝም እንዲሉ፣ ቀጥሎ ከበሮው፣ በመጨረሻም ቫዮሊኖቹ ክሩን ሳይነኩ እጃቸውን ብቻ እንዲያመላልሱ መመሪያ ወረደ።

«እኔ እንግዲህ ምን ልሥራ?» አለች አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች።

«አንቺማ ቁልፉ ሚና ያንቺ ነው» አሏት ሥራ አስኪያጁ። «በስሜት ዝም በይ።»

በዝግጅቱ ቀን የኦርኬስትራው ስልሳ ሰው ሽክ ብሎ ተቀምጦ በጸጥታ አጀበ። አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ትንፋሽ ነበር፤ አልፎ አልፎ ጊታርም ጣልቃ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል?

በማግስቱ አቀናባሪውን አስጠሩት።

«ግሩም ነው! ግን ከኋላ አልተሰማም ይላሉ። ይህንን የጊታር ኮንሰርቶ ጉልበት ላለው መሣሪያ ቀይርልን።»

«ለየትኛው?»

«ለክላርኔት። የባለቤቴ ወንድም ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ እየተማረ ነው።»

አቀናባሪው ሳቁን ዋጠ፤ ደብዳቤውን እጁ እንደገባ ቆጠረው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን የክላርኔት ኖታ፣ አንዲት ነጥብ ሳይነካ፣ አዲስ ሽፋን አልብሶ አስረከበ።

ኮሚቴው ሳምንት ሙሉ መረመረ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «የቀረበው ሥራ በጎ ሙከራ ቢሆንም የዋናውን የጊታር ድርሰት ነፍስ አጥፍቷል። ስለዚህ አቀናባሪው የክላርኔትን ባሕርይ ጠንቅቆ እስኪያውቅ ድረስ በጊዜያዊነቱ እንዲቀጥል ተወስኗል።»