የእትዬ አልማዝ አሞክሳሲሊን

መድኃኒት ጀምሮ አለመጨረስ ስንፍና ይመስላችኋል? ቸርነት ነው እንጂ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አልማዝ ጉሮሯቸውን ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ ይዟቸው የአሥር ቀን አሞክሳሲሊን ታዘዘላቸው። በሦስተኛው ቀን ሻል ሲላቸው የቀረውን በቦርሳቸው ይዘው ወጡ። ሱቅ ውስጥ ሲያስል ለሰሙት ሰውዬ ሁለት ፍሬ፣ ቤተ ክርስቲያን ድምፅዋ ለተዘጋባት ዘማሪ ሦስት አደሉ። እኔም ጉሮሮዬን ስጠርግ ሰምተው አራት ሰጡኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው በሬን አንኳኩ።

«ተመልሶብኛል ልጄ። ዶክተሩ ካልጨረሽው ልብ ይጎዳል ብሎኝ ነበር። ጨርሻለሁ ብዬዋለሁ፤ አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? የሰጠሁህ አለ?»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። አራቱም አሉ። ሦስቱን መለስኩላቸው። አንዷን ግን ክፉ ቀን አይታወቅም ብዬ አስቀረኋት።