አቶ ባሺር፣ ቤት አሻሻጭ

ደላላ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ቤት ሸጦ አያውቅም ማለት ነው። በሹክሹክታ ብቻ የሚያወራ ደላላ አለ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ጠዋት የነገረሽን ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከ«ትልቅ ገዢ» ጋር የሚነጋገር አለ፤ በመሃል ስልኩ ሲጮኽበት ራሱ ይደነግጣል። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት «ቪላ» የሚልም አለ። ከሁሉም የሚለየው ግን ምንም ሳይጀመር ያለቀለት ደላላ ነው። ገዢ ሳይመጣ «ያለቀ ጉዳይ ነው!» ይላል። ገዢው መጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ሲሄድም «ያለቀ ጉዳይ ነው!» ይላል። የጅጅጋው ክቡር አቶ ባሺር የዚህኛው ዓይነት አለቃ ነበሩ።

ክቡር አቶ ባሺር ቢሮ የላቸውም። ቢሯቸው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ሁለተኛው ወንበር ነው። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ሽርጥ ላይ ኮት ይደርባሉ። አማርኛ የተማሩት ገበያ ውስጥ ስለሆነ «አንቱ» የሚባለው ነገር አልደረሳቸውም። ዳኛውም «አንተ» ነው፣ ቄሱም «አንተ» ነው። በምትኩ በዕድሜ ጠና ያለችውን ሴት ሁሉ በሶማልኛ «ኤዶ» ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት። ሰው በአንዱ ተቀይሞ በሌላው ይታረቃቸዋል።

ተናኘ እኚህን ሰው ላለመጥራት የምትችለውን ሁሉ አድርጋ ነበር።

ተናኘ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ወታደር የነበሩት አባቷ በሠሩት ቤት ተወልዳ ያረጀች የጅጅጋ ልጅ ናት። በ2002 ዓ.ም. ድሬዳዋ ያለችው ልጇ ሶሲና የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ወልዳም ዝም አላለች። «እማዬ፣ ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ሽጪውና ነይ» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። የልጅ ልጅ ናፍቆትም ነበር፣ የጉልበት ሕመምም ነበር፤ ተናኘ ቤቱን ለመሸጥ ቆረጠች።

«ብቻሽን» የሚለው ግን እውነት አልነበረም። ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ባቱሎ ትኖራለች። ባቱሎ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር፤ ባሏ ሲሞት ክፍሏን ለአንድ ወር ብላ ተከራየቻት፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቷ። ኪራዩ በየትኛው ዓመት እንደቀረ አንዳቸውም አያስታውሱም። ሶሲናን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅ የላትም፣ ወገን የምትላቸውም ተበትነዋል።

ተናኘ ይህን ለባቱሎ እንዴት እንደምትነግራት ስታስብ ሦስት ሳምንት እህል አልበላ አላት። በአራተኛው ሳምንት ባቱሎ ልብስ እያሰጣች ነገሩን ራሷ አነሳችው።

«ቤት ትሸጪያለሽ አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክ ስታወሪ ትጮኺያለሽ። ባሺርን ጥሪው።»

«አንቺስ?» አለች ተናኘ።

«እኔ የአላህ ነኝ። አንቺ ባሺርን ጥሪው። አፉ ይበዛል እንጂ ሌባ አይደለም።»

ተናኘ አልጠራቻቸውም። የጎረቤቷን ቤት ለመሸጥ ክቡርነታቸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንደፈጀባቸው፣ በየቀኑም «ያለቀ ጉዳይ ነው» ሲሉ እንደከረሙ ታውቃለች። እሷ የመረጠችው መልአክን ነው። መልአክ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ሞባይልና አንድ የቆዳ ቦርሳ ያለው ወጣት ነበር። «እርስዎ እኮ እናቴ ማለት ነዎት» አለ። ክፍሎቹን በሜትር ለካ፣ ማስታወሻ ያዘ፣ «በሁለት ሳምንት» አለ። ጓሮ ሲደርስ ብቻ የባቱሎን በር በእግሩ ገፋ አድርጎ፦

«ይቺን ኮተት ከነባለቤቷ ቀድመን እናስወጣለን። ገዢ እንዲህ ዓይነት ነገር ደስ አይለውም» አለ።

ተናኘ የባቱሎን በር መልሳ ዘጋችው። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው፤ አላባረረችውም። በማግስቱ መልአክ የይዞታ ካርታውን ዋናውን ለማጣራት ለሦስት ቀን ብቻ እንድትሰጠው ጠየቃት። በፖስታ አድርጋ አመጣችለት። እጇን ልትዘረጋ ስትል የግቢው በር ተከፈተ።

«ያለቀ ጉዳይ ነው!» አሉ ክቡር አቶ ባሺር።

ማንም አልጠራቸውም። እንዲያው የሽያጭ ጠረን ጎትቷቸው ነው እንጂ። እያወሩ ገቡ፣ እያወሩ ሰላምታ ሰጡ፣ እያወሩ ፖስታውን ከተናኘ እጅ ወሰዱና ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ተቀመጡበት።

«ኤዶ ተናኘ፣ ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ሻይ መጣ። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ደምበል ወረዳ ፍየል አወሩ፣ ከአይሻ ስለመጣ አንድ ዘመዳቸውና ስለ ጥርሱ አወሩ። መልአክ «ፖስታዋን ቢያቀብሉኝ» ሲል «እሺ ልጄ» ይሉና ስለ ጥርሱ ይቀጥላሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡበት ፍንክች አላሉም። መልአክ ሰዓቱን አየ፣ ስልኮቹን አየ፣ በመጨረሻ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

አቶ ባሺር ተነሡና የሞቀውን ፖስታ ለተናኘ መለሱላት። «ኮፒ ይሰጣል፣ ዋናው አይሰጥም። ለእኔም ቢሆን አትስጪ» አሉ። መልአክ በማግስቱ አልመጣም፤ በወሩ የሌሎች ሁለት ባለቤቶችን ካርታ እንደያዘ ከከተማው ጠፋ። ተናኘ ወሬውን ስትሰማ ሄዳ ካርታዋ ፖስታው ውስጥ መኖሩን አየች። ደላላዋ ማን እንደሆነ የታወቀው ያን ቀን ነው።

ታወቀ ማለት ግን ተገላገለች ማለት አይደለም። ክቡርነታቸው ገዢ ያመጣሉ፤ የሚያመጡት ግን ምን ዓይነቱን! አንዱ የድንበር ከተማዋ የቶጎጫሌ ነጋዴ ሎሪው በግቢው በር ይገባ እንደሆነ ለማየት ሎሪውን ይዞ መጣ። ገባ፤ የበሩም ምሰሶ አብሮት ገባ። አንዱ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው እያንዳንዱን ክፍል ከነዶሮዎቹ በቪዲዮ ቀርጾ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። አንዱ አራት ጊዜ ተመላልሶ ግቢው ውስጥ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ከረመ፤ ለካ የወደደው ጥላውን ኖሯል፤ ቤት የመግዛት ሐሳብ ጭራሽ አልነበረውም። ከእያንዳንዱ በኋላ ተናኘ ራሷን ስትይዝ አቶ ባሺር «ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ኤዶ» ይላሉ።

የባሰው ደግሞ ደህና ገዢ ሲመጣ ነበር። አንድ ሥራ ተቋራጭ መጣ፤ ቦታውን ወደደው፤ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው፤ ዋጋ አልተከራከረም። ተናኘ ልቧ ሲፈነድቅ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሜ፣ እዚህ መሬት ሥር በርካ አለ፤ የጥንት የውሃ ጉድጓድ። አንድ ይሁን ሦስት አናውቅም። ውሃ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱም ደስ ካለው። ጎረቤቱ በእንጨት ሥራ ያደነቁርሃል። ከዚያ ውጪ ቤቱ ወርቅ ነው!»

ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ተናኘ ወደ ደላላዋ ዞረች።

«አቶ ባሺር፣ እርስዎ የሚሠሩት ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ።»

«በቃ! ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ነገ ግን አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አሉ ምንም ሳይመስላቸው፤ ሄዱ።

በማግስቱ ዐምራንን ይዘው መጡ። ዐምራን የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ባሏ የቶጎጫሌ መንገድ ሹፌር የሆነ፣ አራት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ተናኘ ሳሎኑን ልታሳያት ብድግ ስትል ዐምራን አልፋት በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። የባቱሎን በር አንኳኳች፣ ገባች። ድምፃቸው ይሰማል፤ በሶማልኛ ይጠያየቃሉ፤ የማን ልጅ ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ። ከዚያ ሳቅ ይመጣል። አንድ ሰዓት ሞላ። ዐምራን ወጣች፤ ቤቱን አሁንም አላየችውም።

«የክፍሏ ጣሪያ መቀየር አለበት» አለች ለተናኘ። «በዝናብ እዚያ መተኛት የለባትም። እኔ ቀን ሙሉ ሱቅ ነኝ፣ እናቴም የለችም። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ትልቅ ሰው ግቢ ውስጥ ቢኖር ደስ ይለኛል። እስቲ አሁን ቤቱን አሳዪኝ።»

ተናኘ በሮቹን ከፈተችላት። ዐምራን ወጥ ቤቱን ስታይ፣ ተናኘ አቶ ባሺርን እጅጌያቸውን ይዛ ወደ ዛፏ ሥር ወሰደቻቸው።

«ስለ ባቱሎ እርስዎ ነዎት የነገሯት?»

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው፣ በሩ ላይ ሳይገቡ። አሮጊቷ ትቆያለች፣ እሺ ወይስ እምቢ? እምቢ ላለው ስለ በርካው እነግረዋለሁ።»

«እኔ እኮ ስለ ባቱሎ አንድም ቀን አልነገርኩዎትም! ብናገር ገዢ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ...»

«አልነገርሽኝም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ኤዶ ተናኘ፣ ሃያ ዓመት ቤት ሸጫለሁ። ባለቤት ቤቱን ሲያሳይ የሚዘልለው ክፍል ካለ ልቡ እዚያ ነው። አንቺ ሽንት ቤቱን እንኳ አሳየሽኝ። ያቺን በር ግን ሁልጊዜ ዘለልሻት።»

ተናኘ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። አቶ ባሺር ስታለቅስ ማየት ስላልቻሉ ሄደው ከዶሮዎቹ ጋር ማውራት ጀመሩ።

ውል የተፈራረሙ ዕለት ሌላ ትርዒት ነበር። አቶ ባሺር ባቱሎ በሕይወት እስካለች ክፍሏን እንደማትለቅ በውሉ ውስጥ ይጻፍ አሉ። የውል ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም» አለ። «ዛሬ ታውቃለህ» አሉት። ተከራከሩት፣ ለመኑት፣ ስለ አይሻው ዘመዳቸው ሊነግሩት ሲጀምሩ ሰውየው ጻፈው። ተናኘ ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ድሮ ሥራዋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ «ባቱሎ» የሚለው «ባቱላ» ተብሎ ስለነበር እንደገና አስጻፈችው። ዐምራን ፈረመች። ባቱሎም ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችና ጣቷን ለሁሉም እያሳየች ወጣች። ክቡርነታቸው ኮሚሽናቸውን ሳይቀንሱ ተቀበሉ፤ የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓትም ለመኑ፣ ተሰጣቸው።

ተናኘ ወደ ድሬዳዋ የሄደች ረፋድ፣ ካራማራ ተራራ ላይ ስደርስ አለቅሳለሁ ብላ ሁለት መሐረብ ይዛ ነበር። ያለቀሰችው ባቱሎን ስታቅፍ ነው፤ እሱም በመናኸሪያው ጩኸት መሃል ቶሎ አለፈ። ሚኒባሱ ካራማራን ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣላት፤ ከስንት ወር በኋላ የመጣ እንቅልፍ። ሐረር ላይ የቀሰቀሳት ስልክ ነው።

«ኤዶ ተናኘ! ተጣሉ!» አሉ አቶ ባሺር።

«እነማን?» አለች።

«ዐምራንና ኤዶ ባቱሎ! የወተት ዕቃው ወጥ ቤት ይቀመጥ፣ አይቀመጥ። ኤዶ ባቱሎ የዐምራንን ልጆች ሰብስባ አሰለፈቻቸው፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ሆኑ። አሁን አብረው ምሳ እየበሉ ነው፤ እኔንም ጠርተውኛል፤ ሩዝ ነው፤ ሥጋው ትንሽ ጠንክሯል...»

ተናኘ እስከ ጎረቤት ወንበር የሚሰማ ሳቅ ሳቀች። ድሮ እኚህ ሰው ሲደውሉ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትይዝ ነበር። አሁን ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ስለ ሩዙ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ አዲስ ገዢና ስለ ሌላ ሰው ቤት ሲለፈልፉ ሰማቻቸው። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሚኒባሱ የድሬዳዋ ሜዳ ላይ ሲወርድ መልሳ ደወለች።