ቡሹሎ የከረመው ካፖርት

በእኛ አገር ውጭ አገር መሄድ ከባድ ነው ያላችሁ ማነው? መሄድማ ቀላል ነው። አንተ ትቀመጣለህ፣ አውሮፕላኑ ይወስድሃል። ከባዱ ሰው ሸኝቶህ፣ በግ ታርዶልህ፣ ተለቅሶልህ... መቅረት ነው። ተሸኝቶ የቀረ ሰው አገር የለውም። እዚያ አልደረሰ፣ እዚህ አይታይ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ኖሬበት ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሐዋሳን አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ፋይል ማስገባት ነው፤ ሲሰለቸኝ ደግሞ ፋይል አወጣለሁ። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ፣ ለወዳጅነት ጉብኝት ወደ ፒዮንግያንግ የሚሄድ ንቁ ሠራተኛ ይመረጥ ተባለ። ንቁዎቹ ሁሉ ጥቆማውን ተሻሙና እርስ በርስ ሲወቃቀሱ ዋሉ። በመጨረሻ ማንንም ያልወቀሰ፣ ማንም ያልወቀሰው አንድ ሰው ተገኘ። ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ስነቃ እየተጨበጨበልኝ ነው።

ጉብኝቱ የአንድ ሳምንት ነው፤ ወሩ ጥር። እናንተ ጥር ሲባል የሚታያችሁ ሙሽራና ጠራራ ፀሐይ ነው። እዚያ ግን የክረምታቸው አናት ነው አሉ፤ ዝናብ ሳይሆን በረዶ የሚወርድበት። ሐይቅ ሳይቀር ይጋግርና ሰው በላዩ ይሄድበታል የሚል ወሬ የከተማችን ፒያሳ ገባ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን ንገረውና እስቲ ምን እንደሚልህ ስማ! "ታዲያ ዓሣው የት ይገባል?" ብሎ ያላስቆመኝ ሰው የለም። እኔ የምሄደው የሁለት ሕዝቦችን ወዳጅነት ላጠናክር መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተላክሁት ዓሣው የት እንደሚገባ አይቼ እንድመጣ ነው።

ለጉዞው ዝግጅት ስጀምር ያለኝ ልብስ ሁለት እጀ ጉርድ ሸሚዝ መሆኑ ታወቀ። አዋሳ ላይ ደግሞ ካፖርት መፈለግ ማለት በረሃ ላይ ጃንጥላ እንደመጠየቅ ነው። በከተማው ውስጥ አንድ ካፖርት ብቻ እንዳለ ተነገረኝ። ባለቤቱ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ጋሽ ወልዴ ፒያሳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከጨርቁ በላይ ደግሞ ጽጌ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጽጌን ለማየት ስል የማላሰፋውን ጨርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ባስነገርኩ ቁጥር ግን መልሳቸው አንድ ነበር፦ ልጄን ለፋይል ተሸካሚ አልሰጥም። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ካፖርት አውሱኝ የምላቸው!

አይገርማችሁም? ፒዮንግያንግ የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ ሰውየው ተለወጡ። ወንበር ሳቡልኝ። ለስላሳ አስመጡልኝ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የገዙትን ጥቁር ካፖርት ከሣጥን አውጥተው ትከሻዬ ላይ ሲጥሉት፣ ናፍታሌኑ ዓይኔን አስለቀሰው፤ እሳቸው ግን በደስታ ያለቀስኩ መሰላቸው።

"ውጭ አገር ላየ ሰው ልጄን አልከለክልም፤ ስትመለስ ሽማግሌህን ላክ" አሉኝ።

እና አሁን ገባችሁ? ለእኔ ፒዮንግያንግ ከተማ አይደለችም። ጽጌ ናት።

ሽኝቱን ባወራው አያልቅም። መሥሪያ ቤቱ በግ አረደ። ለተጓዥ ሁሉ የሚሰጠውን፣ ቀይ አበባ የተሳለበትን ቴርሞስ ሰጠኝ። በማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ወጥተው ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ ምክር ሰጡ፤ አንዳቸውም ከሻሸመኔ አልፈው አያውቁም። ጋሽ ወልዴ ግን አላለቀሱም። ዞር ብለው ለሕዝቡ "የእኔ ካፖርት ነው" ይሉ ነበር።

አዲስ አበባ ደረስኩ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠ ጓድ ፊቴን ሳያይ፣ ቦታው ለሌላ ጓድ መሰጠቱን፣ አብዮቱም ስለ ዝግጁነቴ እንደሚያመሰግነኝ ነገረኝ። አለቀ። በረዶውም፣ ሐይቁም፣ ዓሣውም እዚያው ቀሩ። እኔና ካፖርቱ በማግስቱ ተሳፍረን ተመለስን።

አመሻሽ ላይ ካፖርቱን ልመልስ፣ እውነቱንም ልናገር፣ የመጣውን ልቀበል ብዬ በቀጥታ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ገባሁ። ሲያዩኝ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝና በሩን ዘጉት።

"ማን አየህ?"

"ማንም። ጋሽ ወልዴ፣ ጉዞው ተሰረዘ..."

"ምን ተሰረዘ? ሄደሃል እኮ!" አሉኝ። "ለፒያሳ ሁሉ ተናግሬአለሁ። እዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው ጨርቅ ሳይሆን የአንተን ደህንነት ነው የሚጠይቀኝ። ትናንት ማታ 'አሁን በአየር ላይ ነው' ብያለሁ።"

ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ለካ እኔን ሲያዩ ጀምሮ ጨርሰው አስበውታል። ቡሹሎ ሐይቁ ዳር የምትኖር አክስት የለህም? አሉኝ። እዚያ ሂድና ሳምንትህን ጨርሰህ ና። ካፖርቱንም እንዳታወልቅ፤ ሳይለበስ ከተመለሰ ሰው ይነቃል። ልጃቸውን የማገኘው ከፒዮንግያንግ ስመለስ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ መመለስ አለብኝ፤ ለመመለስ ደግሞ መሄድ አለብኝ። በዚህ ሒሳብ ላይ ስህተት ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ፒዮንግያንግ በጋሪ ሄድኩ። አንገትጌውን አቁሜ፣ እስከ አፍንጫዬ ተሸፍኜ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። አዋሳ ላይ በዚያ ሙቀት ካፖርት የሚለብስ ሰው አንድ በሽታ ብቻ ነው ያለበት። "አይዞህ፣ ወባ ይለቃል" አለኝና ሳልጠይቀው ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረደኝ። ከዚያ በእግሬ ነው የሄድኩት።

አክስቴ ማርታ በልጅነቴ ያሳደገችኝ፣ ጸሎተኛ፣ ቤተ ክርስቲያንዋን የማታጓድል ሴት ናት። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። አልሳቀችም። መጽሐፍ ቅዱሷን አመጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች።

"ልደብቅህ እችላለሁ፤ መደበቅ ውሸት አይደለም" አለችኝ። "ከዚህ ስትወጣ ግን ስለዚህ ጉዞ አንዲት ውሸት ከአፍህ እንዳትወጣ። ማልልኝ።"

ማልኩ። ምን ላድርግ? ሌላ አክስት የለኝም።

የኮሪያ ኑሮዬ ክፉ አልነበረም። ጠዋት ዓሣ፣ ቀን ቆጮ በጎመን፣ ማታ የቀረው። ጎረቤቶች የወባውን ሰው እየመጡ ይጠይቁኛል፤ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላዋ ሎሚ ታመጣለች። አክስቴ ማን ነው ሲሏት "እንግዳ ነው፣ ካፖርቱን አያወልቅም" ትላለች፤ ሁለቱም እውነት ነው። ጽጌም ምሥጢሩን ከአባቷ ሰምታ፣ ለወባው በሽተኛ ብላ ንጹሕ ሸሚዝ በባለጋሪው ላከችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ነፋስ ልቀበል ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሾላ ዛፍ ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሟል። ከሰውየው በፊት ያወቅሁት አጠገቡ የተቀመጠውን ቴርሞስ ነው። ቀይ አበባ አለበት።

"ጓድ ታደለ?" አልኩ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ! በገና ሰሞን በግ አርደን፣ እኔም አልቅሼ፣ ለሴሚናር ወደ በርሊን የሸኘናቸው ሰው! "እርስዎ በርሊን አይደሉም እንዴ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንተስ ፒዮንግያንግ አይደለህም?"

ሁለታችንም ሐይቁን ተመለከትን። አልጋገረም። ከዚያ ተነግሮ የማያልቅ ነገር ነገሩኝ፦ የእሳቸውም ቦታ ለሌላ ጓድ ተሰጥቷል፤ ያሉት በባለቤታቸው ወንድም ቤት ነው፤ የእኔስ አንድ ሳምንት ናት፣ የእሳቸው ሴሚናር ግን የወር ነው! እኔ ላቤ ወረደ ብዬ ሳለቅስ ሰውየው ወር ሙሉ በርሊን ውስጥ ትንኝ ይነክሳቸዋል። አንዳችን ስለሌላው ትንፍሽ ላንል ተማማልን፤ በዚያ ሳምንት ሁለተኛው መሐላዬ ነበር።

ቀኔ ደረሰና ተመለስኩ። ጋሽ ወልዴ ቤት ድግስ ተደግሷል። የፒያሳ ነጋዴ በሙሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊት ለፊቴ ደግሞ ማን አለች? አክስቴ ማርታ! ዘመድ ነች ተብላ ተጠርታለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ አፍ አፌን ታየኛለች።

ጥያቄው ጀመረ። ሐይቁ እውነት ይጋግራል ወይ? እኔ ባየሁት ሐይቅ ውሃው ውሃ ነው አልኩ። ሕዝቡስ? ደግ ነው፤ የታመምኩ መስሏቸው ሎሚ አምጥተው ጠይቀውኛል። ምግባቸውስ? ዓሣ ነው፤ ደግሞ ከተክል ሥር ተፍቆ፣ ጉድጓድ ከርሞ፣ በጎመን የሚበላ ነገር አላቸው አልኩ። ነጋዴዎቹ ተያዩ። "ቆጮ ኮሪያ ገብቷል!" አሉና ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ወልዴ በኩራት አበጡ። እስከዚህ ድረስ በጥሩ ተጉዤ ነበር። ከዚያ አንዱ ከጥግ፣

"ብርዱስ እንዴት ነበር?" አለ።

አክስቴን አየኋት። አየችኝ።

"እውነቱን ለመናገር" አልኩ፣ "እኔን ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው።"

ሰዎች ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። እንግዶቹ ሲወጡ ጋሽ ወልዴ ጓዳ ይዘውኝ ገቡና አንጀታቸው እስኪቃጠል ተቆጡኝ። በረዶ የሌለበት ክረምት ምን ክረምት ነው? ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብለህ አንዲት ጠብታ ብርድ ማሰብ አቃተህ? አሉኝ። የሽማግሌው ነገር ይቆይ ተባለ። ጽጌ ከበሩ ኋላ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም ካፖርቱን መልሼ ወጣሁ። ያን ቀን ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ ታደለ ከበርሊን ገቡ። እሳቸው አክስት የላቸውም። በረዶው እንዴት ጢማቸውን እንዳደረቀው፣ ጆሯቸው ሊረግፍ ሲል አንዲት አሮጊት እንዴት አሽታ እንዳተረፈችላቸው ሲተርኩ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሕዝብ ነጠላውን ሳብ ሳብ አደረገ። ጋሽ ወልዴ አፋቸውን ከፍተው ሰሙና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"አየህ? በእውነት የሄደ ሰው ወሬው እንዲህ ያስታውቃል። አንተ ግን ዝም ብለህ ደርሰህ መጣህ።"

"ጋሽ ወልዴ፣ እኔን እኮ ቡሹሎ የላኩኝ እርስዎ ነዎት!"

"ቢሆንም" አሉኝ።

ምን እላለሁ? ያንኑ ምሽት ጓድ ታደለን ሽማግሌ ሁኑኝ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ማለት ይችላሉ? ሾላው ሥር ያየሁትን አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። በርሊን ያየ ሽማግሌ ሲመጣባቸው ጋሽ ወልዴ ለማስመሰል ያህል እንኳ አንድ ቀን አልቀጠሩም። ጽጌን አገባኋት። ካፖርቱን ግን ለእኔ አልሰጡኝም፤ ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይሁን ብለው ለጓድ ታደለ አስረከቡ።

በሚቀጥለው ጥር ጓድ ታደለ ብርዷ ከፒዮንግያንግም ይብሳል ወደምትባለው ኡላን ባቶር ለአንድ ሳምንት እንዲሄዱ ተመረጡ። በግ ታረደ። ሁለተኛ ቴርሞስ ተሰጣቸው። አውቶቡስ ተራ ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አልሞላም፣ ባለጋሪው ከአክስቴ መልእክት ይዞ ቤቴ መጣ።

"አክስትህ ምን አለች መሰለህ፦ ያ ካፖርት ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ግን ውስጡ ያለው ሌላ ሰው ነው። የሚያርፍበት ዘመዱ ቤት ስለሞላበት አሳድሪኝ ብሏል። ምን ላድርገው ትላለች።"

"አሳድሪው በላት" አልኩት። "ግን እንደ እኔ አስምለሽ።"

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ወልዴ ቤት ድግስ ሆነ። ነጋዴው ሁሉ ነጠላውን አዘጋጅቶ መጣ። አክስቴ ማርታም እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ቦታዋን ያዘች። ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው የኡላን ባቶርን ብርድ ጠየቁ። ጓድ ታደለ አክስቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ላባቸውን ጠረጉ።

"እውነቱን ለመናገር" አሉ፣ "ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው።"

ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ያዙኝ።

"ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። "ለካ አንተም ሄደህ ነበር።"