የአውቶቡሱ ጋዝ የት ሄደ?

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰኞ ያልኩት ማክሰኞ ሊሆን ይችላል፤ የደላላውን ኮት ቡኒ ብዬ ብጽፍ ደግሞ «ኧረ ጥቁር ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕድሜዬ ገፍቷል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ዘመኔን የእህል መጋዘን ስጠብቅ ጨረስኩት። መጋዘን ጠባቂ የሚያስታውሰው ተከፍቶ ያደረ በር ነው እንጂ የሰው ኮት አይደለም። ዋናውን ነገር ግን አልስተውም፤ ያን ቀን የተሳቀው በእኔ ስለሆነ።

መጀመሪያ ስለ ነፋስ ላውራችሁ።

የሕዝብ አውቶቡስ ተሳፈሩና መስኮቱን በጣት ስፋት ብቻ ክፈቱት። ወዲያው ከኋላ ወንበር ጋቢ የተከናነበ ሰው «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ጨረሰን!» ይላል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከወንበሩ ሥር የታሰረችው ዶሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ሾፌሩ ላቡን በፎጣ ይጠርጋል፤ መስኮቱ ግን ይዘጋል። ሙቀት የጎዳው ሰው እንደሌለ፣ ነፋስ ግን አገር እንደፈጀ ሁላችንም ተስማምተናል። ለዚህ መቼ እንደተሰበሰብን እንጃ።

ባለቤቴን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ሊገድላት የነበረው ይኸው ስምምነት ነው። ደም ግፊት አለባት። አምና ልጃችንን ትብለጥን ልትጠይቅ አሶሳ ስትሄድ፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ አባይ በረሃ ላይ ራሷን ሳተች። መስኮት አስከፍታ ነበር፤ አስዘጉባት። ተሸክመው አውርደው ውኃ ሲያፈሱባት ነፍስ ዘራች። ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ «መስኮቱን» ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ይህን እያነሳ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሐኪሙም ከዚያ ወዲህ ሙቀት ውስጥ እንዳትገባ አጥብቆ ነገራት።

ዘንድሮ ደግሞ ትብለጥ ነፍሰ ጡር ሆነች። የመጀመሪያዋ ነው። ልጅ ስትወልድ እናት ከራስጌዋ ካልተቀመጠች እናትነቱ ምኑ ላይ ነው? ጥሩወርቅ ቁርጡን ተናገረች፤ በእግሯም ቢሆን ትሄዳለች። እኔ በበኩሌ ከመጨነቅ በቀር ሌላ ሥራ የማላውቅ ሰው ነኝና በዚያ ሰሞን ሥራ በዛብኝ። ብትሄድ በረሃው አለ። ብትቀር ልጅቷ ብቻዋን ናት። ወሯም ገብቷል።

ታዲያ አንድ ቀን ወንዱ ልጄ ይበልጣል እየሮጠ መጣ። ይበልጣል ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ።

«አባዬ፣ መላ ተገኘ! ቡሬ ላይ የሚሸጥ ቤት አለ» አለኝ።

«እናትህ ለመንገድ ተነስታለች፣ አንተ ቤት ትገዛለህ?»

«ይሄ ቤት ይሄዳል።»

አልዋሸም። የአንድ መንገድ ሥራ መሐንዲስ ይኖርበት የነበረ አውቶቡስ ነው። ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሳጥን አስገብተውበታል፤ ጣራው ላይ ደግሞ ብርድ የሚያመጣ ማሽን፣ ኤሲ የሚሉት፣ ተገጥሞለታል። ይበልጣል ያሰበው፣ መጀመሪያ እናቱን አልጋ ላይ አጋድሞ በብርድ አባይን ማሻገር፣ ከዚያ ለሠርገኛና ለተሳላሚ እያከራየ የራሱን እንጀራ መብላት ነው። በቤታችን ግን እኔ ሳላየው የሚገዛ ነገር የለም። ከጅጋ ገበያ በሬ ስገዛ ጥርሱን አያለሁ፣ አስነስቼ አስኬደዋለሁ፣ ከዚያ የሻጩን ዓይን አያለሁ። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ አብሬው ሄድኩ።

አውቶቡሱ ወፍጮ ቤት ጎን ቆሟል። ከውጭ ሲያዩት ዱቄት የተነሰነሰበት ዝሆን ይመስላል። ውስጡ ስገባ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። አልጋው የኛን ያስንቃል! ቁም ሳጥኖቹ መንገድ ላይ እንዳይከፈቱ መቀርቀሪያ አላቸው። ይህን የሠራው ሰው እንደኔ ጭንቀታም ነው ብዬ ወደድኩት። የእጅ መታጠቢያው ላይ ቧንቧ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ቧንቧ! ከፈትኩት፤ ውኃ የለውም። ቢሆንም እንዳይፈስ ብዬ ዘጋሁት።

ደላላው አበረ የሚባል ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ይበልጣል ኤሲውን እንዲያሳየው ሲጠይቀው ሞተሩን አስነሳና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከጣራው ነፋስ መጣ፤ ነገር ግን ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ትኩስ ነው።

«ማሽኑ ሙሉ ጤነኛ ነው» አለ አበረ። «ጋዝ ብቻ ነው ያለቀበት። ትንሽ ጋዝ ጠብ ካደረጋችሁበት ብርድ ልብስ ያስፈልጋችኋል። ብቻ ቶሎ ወስኑ፤ ነገ ከሰዓት ከባሕር ዳር የሚመጣ ገዢ አለኝ።»

ይበልጣል ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን አበራ። ልጄ አውቶቡሱን አፍቅሯል። ያፈቀረ ሰው ደግሞ የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

እኔ በበኩሌ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጋዝ አለቀ። ይህን የማላውቅ ይመስላችኋል? ኩራዝና ፋኖስ ስሞላ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከመግዛታችን በፊት ይሞላና ሲሠራ እንየው ብዬ፣ እነሱ ጎማ ሲፈትሹ ድምፄን አጥፍቼ ወጣሁ። በዚህ በፀሐይ መብራት ዘመን ነጭ ጋዝ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ቡሬን ግማሹን ዞርኩ። በመጨረሻ አንዲት ባለሱቅ ከጓዳዋ አንድ ጀሪካን አወጣችልኝ። ተሸክሜ ስመለስ አበረ ሲጋራ ያጨሳል።

«አንተ ሰው፣ አጥፋ! ጋዝ ይዣለሁ!» ብዬ ከሩቅ ጮህኩ።

ሁለቱም ጀሪካኑን አዩት። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። አበረ ሆዱን ይዞ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ ኩራዝ ልንለኩስ ነው እንዴ?»

ይበልጣልም አፉን በእጁ ከድኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ምን ተገኘ ብለው ከወፍጮ ቤቱ ወጡ። ነገሩ ሲብራራ የኤሲ ጋዝ ሌላ ነው፤ በብረት ሲሊንደር የሚመጣ፣ እሳት የማይበላው፣ ድፍን ቱቦ ውስጥ የሚሞላ አየር መሰል ነገር ነው። ስሙን ከኩራዝ ጋዝ ጋር ማን እንዳዛመደው እኔ ምን አውቃለሁ?

አፍሬ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ። ያፈረ ሽማግሌ ዝም ቢል ይሻለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«እሺ፣ አይነድም። ካልነደደ ታዲያ እንዴት አለቀ?»

«ያው አባባ፣ ሲሠራ ሲሠራ ያልቃላ» አለ አበረ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«ምን ሲሠራ? ቆሞ አይደል እንዴ የከረመው?»

«በቃ ተነነ እንበል።»

«ቱቦው ድፍን ነው አላላችሁም? ከድፍን ነገር ውስጥ የት ይሄዳል?»

አበረ ሳቁን ቀነሰ። ይበልጣልም እጁን ከአፉ አወረደ።

«አባዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ፍሪጃችን ስንት ዓመቱ ነው? ጋዝ ሞልተንለት እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

በኛ አገር ቅኔ የሰማ ሰው ሰምና ወርቅ መለየት አያቅተውም። «ጋዝ አልቋል» ሰሙ ነበር። ወርቁ «ያፈሳል» ነው። ምን ያህል እንደሚያፈስና ከየት እንደሚያፈስ ሳይታወቅ ጥሩወርቅን አሳፍሬ አባይ በረሃ ብልካት፣ የሞላነው ጋዝ ቁልቁለቱ መሐል ቢያልቅ፣ እሷስ? አበረ የባሕር ዳሩን ሰው ደጋግሞ አነሳብን። እኔ ግን የመጋዘን ጠባቂ ወገቤን ያዝኩ፤ ጠጋኝ ሳያየው አንገዛም አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ሞላ የሚባል ፍሪጅና ኤሲ ጠጋኝ ዕቃውን ተሸካሚ አስይዞ መጣ። ስሙ ሞላ፣ ሥራውም መሙላት፤ አባቱ አርቆ አይቷል። መጀመሪያ ጣራ ላይ ወጥቶ የማሽኑን ክዳን ገለጠና ወደ ታች ጮኸ።

«አባቴ፣ እዚህ ለአንድ ድግስ የሚበቃ ዱቄት አለ!»

ሙቀቱ የሚወጣበትን መረብ መሰል ቆርቆሮ የወፍጮው ብናኝ ደፍኖታል። ሲያጥበው ሊጥ ወረደ። ቀጥሎ ቱቦው ውስጥ በግፊት አየር ነፋበትና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባቸው። የሳሙናውን ጣሳ ከታች ሆኜ የማቀብለው እኔ ነኝ። አንደኛው መጋጠሚያ ምንም የለውም። ሌላውም ምንም። የሚቀጥለው ላይ ግን አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ።

«ይኸውላችሁ» አለ ሞላ። «የመጋጠሚያዋ ላስቲክ፣ ጎሚኒዋ፣ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ሳይሠራ ቆሞ ስለከረመ ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ካልዞረ ላስቲኩ ይደርቃል።»

«መድኃኒት አለው?»

«ለእሷስ አለው። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር አብሮ ሞቶ ከሆነ ግን አትግዙት። እሱን የምናውቀው ሞልተን ስናስነሳው ነው።»

ጎሚኒዋን ቀየረ። የነፋውን አየር በሌላ ማሽን መጥጦ አወጣና የግፊት መለኪያው ሰዓት ላይ ያለው መርፌ ንቅንቅ ይል እንደሆነ ጠበቅን። መርፌው ሲቆም እኔም አብሬው ቆሜ ነበር፤ እንድተነፍስ ያስታወሰኝ ይበልጣል ነው። በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዓይነት ጋር አስተያይቶ ጋዙን ሞላ። ሞተሩ ተነሳ። ከጣራው ነፋስ መጣ። ሞቃት ነው። አሁንም ሞቃት ነው። አበረ ጫማውን ያያል። ከዚያ ለብ አለ። ከዚያ...

ኧረ ጎበዝ! እንደ ጮቄ ተራራ ጠዋት ነው! እጄን ሰጠሁት፣ ግንባሬን ሰጠሁት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ጆሮዬን ሳይቀር ሰጠሁት። እልል አልኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ወንድ ልጅ እልል አይልም። እኔ ግን ብያለሁ፤ የወፍጮ ቤት ሴቶችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉኝ።

አበረ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። «አላልኳችሁም? ጋዝ ብቻ ነው አላልኩም?»

ገዛነው። ሞላ ሲሄድ ይበልጣልን ብቻ ሳይሆን እኔንም መከረ። ክረምት ነው ብላችሁ አታቁሙት፤ በየሳምንቱ ትንሽ አስነሱት፣ ላስቲኩ ዘይት ይቅመስ። ማጣሪያውን እጠቡ። ደግሞም ማንም መጥቶ ቀዳዳውን ሳይፈልግ «ትንሽ ልጨምርላችሁ» ቢል አትስሙት። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ለይበልጣል ጠዋትና ማታ እደግምለት ጀመር። ሲሰለቸው «አባዬ፣ ዳዊት አደረጉት እኮ» አለኝ።

የመሄጃቸው ቀን ጥሩወርቅ እንደ ሙሽራ ተደግፋ ወጣች። አልጋውን በእጇ ተጭና አየች፤ ደስ አላት። ይበልጣል እየኮራ ኤሲውን ለቀቀው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ጨረሰኝ!»

ያ የኋላ ወንበር ሰውዬ ለካ ዘመዳችን ኖሯል። እኔ ቤትና ከብት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ቀረሁ። ቁልቁለትም አልወድም።

የመጀመሪያው ስልክ ከነቀምት ተደወለ። ይበልጣል ነው። «ወደ አባይ መውረድ ስንጀምር አጥፋው አለችኝ፤ አጠፋሁት። ዝቅ እያልን ስንሄድ ቆይታ ወደ ውጭ እያየች፣ ‘ያ ነገርህ ተበላሸ እንዴ?’ አለችኝ። አበራሁት። ወንዙን ስንሻገር ተኝታ ነበር አባዬ፣ እንደ ሕፃን!» አለኝ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ቆሜ ጨፈርኩ።

ሁለተኛው ስልክ ደርሰዋል የሚል ነው፤ ትብለጥ ገና አልወለደችም፣ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ሦስተኛው ሴት ልጅ ተገኘች የሚል ነው። ዓይኗ የኔ ነው አሉ፤ ትንሽ የተጨነቀ።

ከዚያ ሐሙስ ዕለት ይበልጣል ደወለ።

«እናትህስ?» አልኩት።

«ደህና ናት። አራሷን ነፋስ እንዳይነካት ብላ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ አብራት ተቀምጣለች።»

በአሶሳ ሙቀት! «አውቶቡሱስ? ያን ሁሉ የደከምንበት?»

«አውቶቡሱ ውስጥማ ቅቤው ነው ያለው። ለአራሷ ገንፎ ያመጣችው ቅቤ ሙቀቱ አቅልጦት ሊበላሽ ሲል እዚያ አስገባችው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ኤሲውን የማስነሳው ለእሱ ነው።»

ቁጭ አልኩ። የሳሙና ጣሳ ሳቀብል የዋልኩት ለቅቤ ነው ማለት ነው?

«ኧረ አይዘኑ» አለኝ፤ ድምፁ ይስቃል። «ያስነሳሁ እንደሆነ ‘ቅቤውን ልየው’ ብላ ትገባለች። ቶሎ አትወጣም። አሁንም ውስጥ ናት። አራሷ ትፈልግሻለች ብዬ ባንኳኳ፣ ‘ትንሽ ጠብቅ፣ ገና አልረጋም’ አለችኝ።»

እዚህ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ኔትወርክ የለም፤ የሰማሁትም የለም። እኔ ግን ብዙ አልተጨነቅሁም። ቅቤው እስካሁንም የረጋ አይመስለኝም።